«በምን ልየው?» ለምትሉኝ፦ የፀሐይና የጨረቃ ግርዶሽ አተያይ

ግርዶሽ ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው፦ «በምን ልየው?» የሚመጣው ደግሞ ዋዜማው ማታ ነው፣ ምንም ማግኘት በማይቻልበት ሰዓት። አንዱ የራጅ ፊልሙን ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። ሌላዋ ሁለት የፀሐይ መነጽር ደርባ «ይሄስ?» ትለኛለች። አንድ ወዳጄማ የጨረቃ ግርዶሽ ሊያይ ሙሉ ቀን የግርዶሽ መነጽር ሲያፈላልግ ዋለና፣ ማታ አድርጎት ወጥቶ «ኧረ ምንም አይታይም!» ብሎ ደወለልኝ። እውነቱን ነው። በዚያ መነጽር ጨረቃ አትታይም።

ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ጽፌ ልገላገል። አጭሩ መልስ ይኸው። ለጨረቃ ግርዶሽ ምንም አያስፈልግም፣ ባዶ ዓይን ይበቃል። ለፀሐይ ግርዶሽ ሁለት መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ ወይ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ማጣሪያ ቀጥታ ማየት፣ ወይ ለፀሐይ ጀርባ ሰጥቶ ምስሏን ወረቀት ላይ ማየት። የቀረው የሰዓትና የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ሰው ግርዶሽ የሚያመልጠው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። እኔም ሁለቴ ተሸውጃለሁ፣ ቦታው ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለፀሐይ ግርዶሽ፦

- አይሶ 12312-2 የተባለውን ዓለም አቀፍ ደረጃ ያሟላ የግርዶሽ መነጽር። ለሁለት ሰው አንድ ይበቃል፣ በተራ ስለሚታይ።
- እሱ ከጠፋ ቁጥር 14 የብየዳ መስታወት። ቁጥሩ ካነሰ ይቅርባችሁ። ተራ በያጆች የሚጠቀሙበት ብዙ ጊዜ ከዚህ ያነሰ ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩን ሳታነቡ አትመኑ።
- ረጅም ካርቶን፣ ነጭ ወረቀት፣ አልሙኒየም ፎይል፣ መርፌ፣ መቀስ፣ ፕላስተር።
- ባርኔጣና ውሃ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፀሐይ ላይ ልትቆሙ ነው።

ለጨረቃ ግርዶሽ፦

- ወፍራም ልብስ፣ ደገፍ የሚያደርግ ወንበር ወይም ምንጣፍ።
- ባይኖኩላር፣ ካለ። ከሌለም ግድ የለም።

ከመጀመራችሁ በፊት ማስጠንቀቂያው

ይሄ ክፍል የፀሐይን ብቻ ይመለከታል። እባካችሁ አትዝለሉት።

የፀሐይ መነጽር፣ የራጅ ፊልም፣ በጥቀርሻ የጠቆረ መስታወት፣ ሲዲ፣ የፎቶ ኔጋቲቭ፣ ጥቁር ፊልም የተለጠፈበት የመኪና መስታወት፤ አንዳቸውም አይሆኑም። መደራረብም መፍትሔ አይደለም። ችግሩ «ጨለም ብሎ ታየኝ» ማለት «ዓይኔን አይጎዳም» ማለት አለመሆኑ ነው። እነዚህ ነገሮች የሚታየውን ብርሃን ሲቀንሱ፣ ዓይን የማያየውንና ኢንፍራሬድ የሚባለውን ጨረር ዝም ብለው ሊያሳልፉት ይችላሉ። ጨለም ስላለ ደግሞ ዓይናችሁን አታጨናብሱም፤ ብሌኑ ይበልጥ ይከፈትና ጨረሩ እንደ ልቡ ይገባል። የራጅ ፊልም ላይ ደግሞ ምስል አለበት፣ አንዱ ቦታ ጥቁር ሌላው ስስ ነው።

ልጅ ሆናችሁ በአጉሊ መነጽር ወረቀት አቃጥላችሁ ታውቃላችሁ? ዓይናችን ውስጥ ያለው ሌንስ ያንኑ ነው የሚሠራው፣ ወረቀቱ ደግሞ ሬቲናችሁ፣ ማለትም ከዓይን በስተኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን ነው። ሬቲና ላይ ሕመም የሚሰማ ነርቭ የለም። ስለዚህ ሲቃጠል አይታወቃችሁም። ሰዓታት ቆይቶ፣ ብዙ ጊዜ በማግስቱ ጠዋት፣ የምታነቡት ጽሑፍ መሃሉ ደብዝዞ ወይም ጥቁር ነጥብ ይዞ ይመጣል። ለአንዳንዱ ሰው ከወራት በኋላ ይሻለዋል፣ ለሌላው ግን አይለቅም። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ ቤት ውስጥ ጠብታ ከመሞከር ቀጥታ ዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ።

በባልዲ ውሃ ውስጥ ማየትስ? ይሄን የሚጠይቀኝ ሰው ብዛት! ውሃ ከላይ ሲያዩት ከሚያርፍበት ብርሃን 2 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። ጥቂት ይመስላል። ትክክለኛ የግርዶሽ መነጽር የሚያሳልፈው ግን ከ30,000 አንድ እጅ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። አወዳድሩት።

ከሁሉም የከፋው ደግሞ የግርዶሽ መነጽር አድርጎ በባይኖኩላር ወይም በቴሌስኮፕ ማየት ነው። ሌንሱ ብርሃኑን ሰብስቦ መነጽሩን በሴኮንዶች ውስጥ ያቃጥለዋል፣ ከዚያ ዓይናችሁን። በመሣሪያ ማየት ከፈለጋችሁ ማጣሪያው የሚገጠመው ከፊት፣ ፀሐይ በሚያየው ጫፍ ላይ ነው እንጂ ዓይን በሚጠጋበት በኩል አይደለም። ከአንዳንድ ርካሽ ቴሌስኮፕ ጋር የሚመጣውን፣ ዓይን በሚጠጋበት በኩል የሚገጠመውን ትንሽ ጥቁር መስታወት ጣሉት። ሙቀቱ ሲበዛ ይሰነጠቃል፤ የሚሰነጠቀው ደግሞ እያያችሁበት ነው።

አሁን ወደ ሥራው።

1. የትኛው ግርዶሽ እንደሆነ ለዩ

የጨረቃ ግርዶሽ ሁልጊዜ ሙሉ ጨረቃ ባለችበት ሌሊት ነው። ምድር መሃል ትገባና ጥላዋ ጨረቃ ላይ ያርፋል። የፀሐይ ግርዶሽ ቀን ነው። መሃል የምትገባው ጨረቃ ናት፣ ጥላዋ የሚያርፈው እኛ ላይ ነው። በየወሩ የማናየው የጨረቃ መንገድ 5 ዲግሪ ያህል ስለሚያዘነብል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥላው ከላይ ወይም ከታች ስቶ ያልፋል።

የፀሐይ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፦ ከፊል ነው፣ ቀለበታዊ ነው ወይስ ሙሉ? ከፊልና ቀለበታዊ ከሆነ መነጽሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይወልቅም። በቀለበታዊው ጊዜ ጨረቃ ከምድር ራቅ ስላለች ፀሐይን መሸፈን ያቅታትና ዙሪያውን የእሳት ቀለበት ይቀራል። ያ ቀለበት ፀሐይ ነው፣ ይጎዳል።

ሙሉ ግርዶሽ የሚታየው ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከሁለትና ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መስመር ውስጥ ብቻ ነው። ከመስመሩ ውጪ ያለ ሰው የሚያየው ከፊሉን ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው «የእኔ ቦታ 99 በመቶ ነው፣ ያው ሙሉ በሉት» ይላል። አይደለም። የቀረችው 1 በመቶ ከሙሉ ጨረቃ በሺዎች እጥፍ ትደምቃለች። ሰማዩም አይጨልምም፣ ዓይንም አይተርፍም። ወደ መስመሩ ውስጥ ለመግባት የአንድ ሰዓት መንገድ ብቻ ከቀራችሁ ሂዱ። በ99 እና በ100 መካከል ያለውን ልዩነት በፎቶ ላስረዳችሁ አልችልም።

2. ሰዓቱን በትክክል አውጡ

ሠንጠረዦች ሰዓቱን የሚጽፉት ብዙ ጊዜ በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ በዩቲሲ ነው። ያላችሁበት ቦታ ከእሱ በስንት ሰዓት እንደሚለይ አይታችሁ ቀይሩት።

የጨረቃ ግርዶሽ ጨረቃን ለሚያይ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ነው የሚሆነው፤ የሚለየው የየአገሩ ሰዓት ብቻ ነው። የፀሐዩ ግን እንደዚያ አይደለም። ጥላው መሬት ላይ እየሮጠ ስለሚሄድ ከከተማ ከተማ ደቂቃው ይለያያል። ስለዚህ ለፀሐይ ግርዶሽ የሌላ ከተማ ሰዓት አትዋሱ።

አሁን የመጀመሪያው ሽወዳዬ። ሠንጠረዡ «ማክሰኞ 00:40» ይላል። እኔ ማክሰኞ ማታ ጃኬቴን ለብሼ፣ ቡናዬን ይዤ፣ ወንበሬን አውጥቼ ተቀመጥኩ። ጨረቃ ፍንትው ብላለች። ከሌሊቱ 7 ሰዓት አለፈ፣ 8 ሰዓት ሆነ፣ ጫፏ እንኳ አልተነካም። ግርዶሹ የነበረው ለማክሰኞ አጥቢያ ነበር፤ ሰኞ ማታ ለጥ ብዬ ስተኛ ማለት ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሆነ ግርዶሽ ስታዩ «ለዚህ ቀን አጥቢያ» ብላችሁ ጻፉት። ሌላ መላ የለውም።

አምስት ሰዓቶችን ወረቀት ላይ ጻፉ፦ ጥላው የሚነካበት፣ ሙሉው የሚጀምርበት፣ መሃሉ፣ ሙሉው የሚያበቃበት፣ ጥላው የሚለቅበት። ስልክ ላይ ብቻ አትተማመኑ፤ የስልክ ብርሃን ማታ ዓይናችሁን ያጭበረብራል፣ ቀን ደግሞ ፀሐይ ላይ ስክሪኑ አይነበብም።

መጠኑን እንድትገምቱት ያህል፦ የፀሐይ ግርዶሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። በሙሉ ግርዶሽ ጨለማው ራሱ ግን ቢበዛ ከ7 ደቂቃ ተኩል ብዙም አያልፍም፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ከሁለት እስከ አራት ደቂቃ ነው። በፈረንጆቹ ነሐሴ 2 ቀን 2027፣ በእኛ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚሆነው ግብፅ ውስጥ ሉክሶር አካባቢ ከ6 ደቂቃ በላይ ይቆያል። ረጅም የሚባለው እንግዲህ ይሄ ነው። የጨረቃው ግን አይቸኩልም፤ ሙሉው ክፍል ብቻ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሊቆይ ይችላል።

3. ቦታችሁን ከአንድ ቀን በፊት ሞክሩት

ለፀሐይ ግርዶሽ ይሄ በጣም ቀላል ነው። በዋዜማው፣ ግርዶሹ በሚሆንበት ሰዓት እዚያው ቦታ ላይ ቁሙ። ፀሐይ ከአንዱ ቀን ወደ ሌላው በዚያው ሰዓት ያው ቦታ ላይ ናት ማለት ይቻላል። ፎቅ ወይም ዛፍ ከጋረዳት ነገም ይጋርዳታል። ሁለት ሰዓት ተኩል ስለሚፈጅ መጀመሪያውንም መጨረሻውንም ሰዓት ፈትሹ።

ጨረቃ ግን በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እየዘገየች ስለምትወጣ የዋዜማው ሙከራ አያስተማምንም። በዚህ ፈንታ አንድ ነገር ያዙ፦ በግርዶሽ ሌሊት ጨረቃ ከፀሐይ ትይዩ ናት። ፀሐይ ስትጠልቅ በምሥራቅ ትወጣለች፣ እኩለ ሌሊት ገደማ ከፍ ትላለች፣ ሲነጋ በምዕራብ ትጠልቃለች። ግርዶሹ ምሽት ላይ ከሆነ ምሥራቁ ገላጣ የሆነ ቦታ፣ ሊነጋ ሲል ከሆነ ምዕራቡ ገላጣ የሆነ ቦታ ፈልጉ።

4. መነጽሩን ፈትሹ

ደረጃው ታትሞበታል ማለት ብቻውን ዋስትና አይደለም። ማተም ማንም ያትማል። ስለዚህ፦

ሀ. ቤት ውስጥ አድርጉትና ዙሪያችሁን እዩ። ምንም መታየት የለበትም። የበራ ተራ አምፖል በደንብ ከታያችሁ፣ የቤቱ ዕቃ ቅርጽ ከታያችሁ፣ መነጽሩ ውሸት ነው። የስልክ ፍላሽ በጣም ተጠግቶ ደብዛዛ ነጥብ ቢመስል ችግር የለውም።

ለ. ወደ ደማቅ አምፖል አቅንታችሁ ራቅ አድርጋችሁ ያዙትና ፊልሙን መርምሩ። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን፣ ጭረት፣ ከወረቀቱ የተላቀቀ ጠርዝ ካለ ጣሉት።

ሐ. ይሄን ካለፈ ብቻ ደጅ ወጥታችሁ ፀሐይን አንድ አፍታ እዩ። ጥርት ያለች ክብ፣ ዙሪያዋ ጥቁር፣ ለዓይን የማትከብድ መሆን አለባት። ካሳጨነበሳችሁ በቃ፣ አይሆንም።

የዓይን መነጽር የምታደርጉ ከሆነ አታውልቁት። የግርዶሹን ከላዩ ደርቡበት። ለልጆች ደግሞ መነጽሩ ስለሚሰፋቸው በጎን ሾልከው ያያሉ፤ የወረቀት ሰሃን መሃሉን ቀድዳችሁ መነጽሩን እዚያ ላይ ለጥፉት፣ ፊታቸውን ሙሉ ይሸፍናል። ያም ሆኖ አጠገባቸው ሁኑ።

5. የቀዳዳ ሳጥን ሥሩ

መነጽር ባይኖራችሁ ብቻ ሳይሆን ቢኖራችሁም ሥሩ። አንድ መነጽር አንድ ሰው ያያል፤ ወረቀት ላይ ያረፈ ምስል ግን አሥር ሰው ከብቦ ያየዋል፣ ማንም አይጎዳም።

ሀ. ረጅም ካርቶን ምረጡ። ሁሉም ሰው የጫማ ካርቶን ይላችኋል። እኔ አልመክርም። የምስሉን ስፋት የሚወስነው ከቀዳዳው እስከ ወረቀቱ ያለው ርቀት ነው፤ ርቀቱን ለ108 አካፍሉት። የጫማ ካርቶን 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የምታዩት ፀሐይ 3 ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም፣ የክብሪት ራስ ማለት ናት። አንድ ሜትር ከሆነ 9 ሚሊ ሜትር፣ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ። ሁለት ሜትር ከሆነ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ትጠጋለች። ሁለት ካርቶን ጫፍ ለጫፍ ብትቀጥሉ ልፋቱ ያዋጣል።

ለ. በአንዱ ጫፍ የሦስት ጣት ስፋት ያለው መስኮት ቁረጡና ፎይል ለጥፉበት። ፎይሉን በመርፌ አንዴ ብቻ ውጉት፣ 1 ሚሊ ሜትር ያህል። ካርቶኑን ራሱን ለምን አንበሳም? ወፍራም ስለሆነ ቀዳዳው ዳሩ ይጎረብጣል፣ ምስሉም ይበላሻል። ፎይሉ ከተቀደደባችሁ ሌላ ለጥፉ፣ አትጠግኑት።

ሐ. በተቃራኒው ጫፍ በውስጥ በኩል ነጭ ወረቀት ለጥፉ። ከዚያ ጎኑ ላይ፣ ወረቀቱ አጠገብ፣ አጮልቃችሁ የምታዩበት መስኮት ክፈቱ።

መ. ለፀሐይ ጀርባችሁን ስጡ። ሳጥኑን ትከሻችሁ ላይ አድርጋችሁ ቀዳዳውን ወደ ፀሐይ አዙሩ። ማነጣጠሩ መጀመሪያ ላይ ያናድዳል። መላው የሳጥኑን ጥላ መሬት ላይ ማየት ነው፤ ጥላው በጣም ሲያንስ ሳጥኑ ቀጥ ብሎ ፀሐይን እያየ ነው።

ትልቅ ቀዳዳ የተሻለ የሚመስላቸው አሉ። ቀዳዳው ሲሰፋ ምስሉ ይደምቃል እንጂ አይጠራም፣ ዳሩ ይደበዝዝና የግርዶሹ ንክሻ ይጠፋል። በቀዳዳው ውስጥ ግን በፍጹም ወደ ፀሐይ አትዩ። ቀዳዳው የብርሃን መግቢያ ነው፣ ማያ አይደለም። ይሄን ሳይነገራቸው ሳጥኑን ገልብጠው የያዙ ሰዎች አይቻለሁ።

በዋዜማው ሞክሩት። ክብ የብርሃን ነጥብ ካያችሁ ሠርቷል። ካላመናችሁ ሌላ ፎይል ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ቀዳዳ አብጁ፤ ከትንሽነቱ የተነሳ ወረቀቱ ላይ የሚያርፈው አሁንም ክብ ነው። የቀዳዳው ሳይሆን የፀሐይ ቅርጽ ስለሆነ። ለዚህ ነው በግርዶሹ ቀን ማጭድ የሚሆነው።

ሳጥን መሥራት የሰለቸው ሰው ብዙ ቀዳዳ ያለው ማጥለያ ከነጭ ወረቀት በላይ ይያዝ። ወይም የሁለት እጁን ጣቶች እንደ ወንፊት ያቆላልፍ። ወይም ዛፍ ሥር ይቁም። በቅጠል መሃል የሚሾልከው ብርሃን ሁሉ የፀሐይ ምስል ነው፣ በሌላ ቀን ክብ ስለሆነ ልብ አንለውም። መጀመሪያ ያየሁት አንድ ግድግዳ ላይ ነው። የዛፉ ጥላ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ማጭዶች፣ ሁሉም ወደ አንድ ጎን የዞሩ፣ ነፋስ ሲመጣ አብረው ይርገበገባሉ። አጠገቤ የነበረ ልጅ ሸሚዜን ነክቶ «አንተም ላይ አሉ» አለኝ። መነጽሬን ረሳሁት።

6. በፀሐይ ግርዶሽ ቀን

የመነጽሩ ሥርዓት አራት ነገር ነው፣ ሁሌም በዚህ ቅደም ተከተል፦ አጎንብሱ፣ አድርጉ፣ ቀና በሉ፣ እዩ። ስታበቁም መጀመሪያ አጎንብሱ፣ ከዚያ አውልቁ። ቀና ብሎ እያዩ ማድረግና ማውለቅ ነው ባዶ ዓይን ፀሐይ ላይ የሚያሳርፈው።

ዝም ብላችሁ አትፍጠጡ። በየአምስት በየአሥር ደቂቃው አንዴ እዩ። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ያሰለቻል፣ ልንገራችሁ። ጫፏ ትንሽ ተነክሳ ትታያለች፣ ቀኑ ግን ቀን ነው። ግማሿ ተሸፍኖ እንኳ መንገደኛው ምንም ሳያውቅ ያልፋል። ብዙ ሰው «ይሄው ነው?» ብሎ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው።

80 በመቶ ሲያልፍ ዙሪያችሁን ማየት ጀምሩ። ብርሃኑ የደመና ብርሃን አይመስልም፣ ሌላ ዓይነት ነው። ጥላችሁን እዩት፤ ዳሩ በአንድ አቅጣጫ ስለት ይሆናል፣ ምክንያቱም ፀሐይዋ ክብ መሆኗ ቀርቶ ቀጭን መስመር ሆናለች። የፀጉራችሁ አንድ አንድ ዘለላ መሬት ላይ ይቆጠራል። ቆዳ ላይ ያለው ሙቀት ይቀንሳል። ወፎች ማደሪያቸውን ይፈልጋሉ።

ስስ ደመና ካለስ? «ደመናው ሸፍኖልኛል» አትበሉ፣ መነጽሩ አይቀርም። ወፍራም ደመና ከሆነ ደግሞ ወደ ቤት አትግቡ፤ ሙሉ ግርዶሽ ከሆነ ጨለማው ከደመናው በታችም ይመጣል።

7. ሙሉ ግርዶሽ ከሆነ፣ ጨለማዋን ደቂቃ እንዴት እንደምትጠቀሙባት

መነጽሩ የሚወልቀው በዚህች ጊዜ ብቻ ነው። መቼ? በመነጽሩ ውስጥ ምንም፣ አንዲት የብርሃን ክር እንኳ ሳትታይ ስትቀር። ከዚያ በፊት በጨረቃ ጠርዝ ላይ ብርሃኑ ይቆራረጥና ዶቃ ይመስላል፤ ጨረቃ ላይ ባሉ ሸለቆዎች የሚሾልክ የፀሐይ ብርሃን ነው። የመጨረሻዋ ዶቃ እንደ አልማዝ ቀለበት ፈንጠቅ ትላለች። ስትጠፋ አውልቁ።

ሁለተኛው ሽወዳዬ እዚህ ነው። ሁለት ደቂቃ ከምናምን ነበረኝ። ስልኬ ላይ የለጠፍኩትን ማጣሪያ ለማላቀቅ ስታገል፣ ካሜራው ጨለማውን አልለይ ብሎ ሲንከራተት፣ ዙሪያዬ ያለው ሰው ሲጮህ ሰማሁ። ቀና ስል ብርሃኑ ተመልሷል። ስልኬ ውስጥ ያለው የተቃጠለ አምፖል የሚመስል ነጭ ነጥብ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ቀድማችሁ ወስኑ፦

መጀመሪያ ግማሽ ደቂቃ ምንም አትንኩ፣ ብቻ እዩ። ጥቁሩ ክብ፣ ዙሪያው ነጭ ጭራ ያለው፣ ኮሮና የሚባለው የፀሐይ የውጭ ከባቢ፣ ጠርዙ ላይ ሮዝ ነጥቦች ካሉ እነሱን ፈልጉ። ቀጥሎ አንገታችሁን መልሱና አድማሱን ዙሩት። በሁሉም አቅጣጫ የምሽት ቀይ ብርሃን አለ፤ ጥላው ከሚያበቃበት ባሻገር ቀን ስለሆነ ነው። ከዚያ ደማቋን ቬነስን ፈልጉ። ከዚያ ወደ ፀሐይ ተመለሱ። በዚህች ደቂቃ ባይኖኩላር ያለ ማጣሪያ ይቻላል ይባላል፣ እውነትም ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ሰው ግን አልመክርም፣ ሰዓቱን ይረሳዋል።

ከማብቂያው 20 ሴኮንድ ቀደም ብሎ የሚጮህ ደወል ሙሉ። በአንዱ ጠርዝ ብርሃን መድመቅ ሲጀምር መነጽሩ ይመለሳል፣ «አንዴ ብቻ» የለም።

8. የጨረቃ ግርዶሽ

እዚህ ዘና በሉ። ባይኖኩላሩም ቴሌስኮፑም ዓይኑም ደህና ነው።

ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀድማችሁ ውጡ፣ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ጊዜ ይወስዳል። መብራት አጥፉ፣ ስልክ ደብቁ። መጀመሪያ ጨረቃ የምትገባው በምድር ስስ ጥላ ውስጥ ነው። ምንም አይታይም ማለት ይቻላል፣ ቢበዛ አንዱ ጎኗ የቆሸሸ ይመስላል። ግርዶሹ በሙሉ በስስ ጥላ ብቻ የሚያልፍ ዓይነት ከሆነ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንቅልፋችሁን ተኙ።

ጥቁሩ ጥላ ሲነካት ግን ይለያል። የጥላውን ዳር ልብ ብላችሁ እዩ፣ ክብ ነው። የምታዩት የምድርን ቅርጽ ነው። ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ስትገባ ትጠፋለች ብለው የሚጠብቁ ብዙ ናቸው፤ አትጠፋም፣ ትቀላለች። የፀሐይ ብርሃን በምድር ከባቢ አየር ዳር ሲያልፍ ሰማያዊው ተበትኖ ይቀራል፣ ቀዩ ታጥፎ ጨረቃ ላይ ይደርሳል። በዚያች ሰዓት በምድር ዙሪያ እየወጣችና እየጠለቀች ያለችው ፀሐይ ሁሉ ብርሃኗ እዚያ ላይ አርፏል ማለት ነው።

ቀለሙን መዝግቡ። ዳንዦን የተባለ ፈረንሳዊ የሥነ ፈለክ ሰው ያወጣው ከ0 እስከ 4 የሚሄድ መለኪያ አለ። 0 ጨረቃዋ ከነአካቴው ልትጠፋ ስትደርስ፣ 2 ጠቆር ያለ ቀይ፣ 4 ደማቅ የመዳብ ቀለም ሆኖ ዳሩ ሰማያዊ ነገር ሲኖረው። ልዩነቱ የሚመጣው ከምድር አየር ነው። በፈረንጆቹ 1991 ፒናቱቦ የተባለው እሳተ ገሞራ ከፈነዳ በኋላ፣ በታኅሣሥ 1992 የነበረው ግርዶሽ በጣም ጨልሞ ነበር። ዓይኑ የተለያየ ሰው የተለያየ ቁጥር ይሰጣል፣ ከአጠገባችሁ ካለው ሰው ጋር ሳትነጋገሩ ጻፉና በኋላ አስተያዩ።

አንድ ነገር አትርሱ፦ በሙሉው ጊዜ ዓይናችሁን ከጨረቃ አንሱና ሰማዩን እዩ። ሙሉ ጨረቃ ባለችበት ሌሊት የማይታዩ ከዋክብት ሁሉ ወጥተዋል።

9. ፎቶ፣ ከፈለጋችሁ

ለፀሐይ፦ ስልኩ ሌንስ ፊት ማጣሪያ ያዙ፣ ብዙም አትጠብቁ። በስልክ የምትወጣው ፀሐይ ነጥብ ናት። ይልቅ መሬት ላይ ያሉትን ማጭዶች አንሱ፣ እነሱ ያምራሉ።

ለጨረቃ፦ ስልኩን የሆነ ነገር ላይ አስደግፉ፣ ጨረቃዋን ስክሪኑ ላይ ነክታችሁ ብርሃኑን ቀንሱ፣ በ2 ሴኮንድ ቆጣሪ አንሱ። በጣት ስትነኩት ስለሚንቀጠቀጥ ነው ቆጣሪው።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- መነጽር አድርጎ መራመድ ወይም መኪና መንዳት። በመነጽሩ ከፀሐይ በቀር ምንም አይታይም። እየነዳችሁ ከሆነ መብራት አብርታችሁ ዳር ያዙና ቁሙ።
- ከሙሉው በኋላ ወዲያው ዕቃ መሸከፍ። ማጭዶቹ በተቃራኒ ዞረው ይመለሳሉ፣ መጀመሪያ በሥራ ተጠምዳችሁ ያመለጣችሁን ሁሉ አሁን ታያላችሁ።
- የጨረቃውን አንዴ በመስኮት አይቶ መተኛት። በየ15 ደቂቃው ካልታየ ለውጡ አይያዝም።
- መነጽሩን ኪስ ውስጥ ማጠፍ። ያጠፋችሁበት መስመር ላይ ፊልሙ ይሰነጠቃል። ካልተጫረና ካልተበሳ ለሚቀጥለው ይሆናል፤ ፖስታ ውስጥ አድርጋችሁ ደብተር መሃል አኑሩት። ስታወጡት ደግሞ ደረጃ 4ን እንደገና ከሀ ጀምሩ።